የፍርስራሽ ምስክርነት

ከአፈር ጋር የተቀላቀለ ግንብ ባለቤቱን ሳይናገር ሲቀር፣ በእርሱ ፈንታ የመናገር መብት ያለው ማን ነው? ጥያቄው የአርኪዮሎጂ ብቻ ይመስላል፤ አገሩን በትዝታና በመጽሐፍ ለሚኖር ስደተኛ ግን የኅሊናም ጥያቄ ነው።

በእንጦጦ ተራራ ላይ አምስት ማዕዘን ያለው የድንጋይ ቅጥር ፍርስራሽ አለ። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ምሽግ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። አንዳንዶችም እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ በተሠራው የፍራ ማውሮ የዓለም ካርታ ላይ የምትታየውን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት ወቅት ጠፋች የምትባለውን ባራራን ከዚያው ስፍራ ጋር ያያይዟታል፤ ሌሎች ወደ የረር ግርጌ ያመለክታሉ። ሃርትዊግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ባራራ ጥናት አሳትመዋል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

«ምናልባት» ለተመራማሪ የሥራ መጀመሪያ ነው፤ ለተሟጋች ግን ዕንቅፋት ነው። በአዲስ አበባ ሙግት አንዱ ባራራን ጠርቶ «ቀድመን ነበርን» ይላል፤ ሌላው ፊንፊኔን ጠርቶ የባራራን ስም መስማት አይሻም። አያቶቻችን አጥንት ቆጥረው ርስት ይጠይቁ ነበር፤ እኛ ደግሞ ድንጋይ ቆጥረን ከተማ እንጠይቃለን። አጥንት ቆጣሪው ቢያንስ የአባቶቹን ስም ያውቅ ነበር።

ድንጋይ ምን ያህል እንደሚናገርና ምን ያህል እንደሚደብቅ፣ ብዙዎቻችን ከምንኖርበት ከተማ ዳር ማየት ይቻላል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መካከል፣ የሚሲሲፒና የሚኒሶታ ወንዞች ከሚገናኙበት በላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1825 የተገነባው ፎርት ስኔሊንግ ይገኛል። ዛሬ ከሚታየው ቅጥር አብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1957 ቁፋሮ ከተጀመረ በኋላ በጥንቱ መሠረት ላይ እንደገና የታነጸ ነው። ከግንቡ ሥር ባለው የወንዝ ዳር ሜዳ፣ ከ1862 ወደ 1863 በተሻገረው የበረዶ ወራት፣ 1,600 ያህል ዳኮታዎች በእንጨት አጥር ውስጥ ታግተው ነበር፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። ከ130 እስከ 300 የሚገመቱት እዚያው አለቁ። ግንቡ ታደሰ፤ አጥሩ ግን ጠፋ። ዳኮታዎች ብዶቴ የሚሉት ይህ የውሃዎች መገናኛ ወታደር ሳይረግጠው በፊት ቅዱስ ስፍራቸው ነበር፤ ለቅድስናውም የድንጋይ ቅጥር አላስፈለገውም።

እንግዲህ ድንጋይ የሚመሰክረው በድንጋይ ለመሥራት አቅም ለነበረው ነው። ባራራ ነገ እንጦጦ ላይ መኖሯ ቢረጋገጥ እንኳ፣ ነገሥታቱ የት እንደተቀመጡ እንጂ፣ በዙሪያቸው ማን ከብት እንዳገደ፣ ማን ከምንጩ እንደቀዳ አይነግረንም። በዚያ ማን ኖረ የሚለው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ በዚያ ማን ይኑር የሚለው ግን የፍትሕ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው መልስ ለሁለተኛው ዋስ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ሚኒሶታ ኦሮሞውም አማራውም ሌላውም የአያቱ አጥንት ሳይኖር ቤት ሠርቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ እንደ ሰው እንዲቆጠር ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ታዲያ ይህን ለራሱ የሚጠይቅ ሰው፣ አዲስ አበባ ያለ ጎረቤቱ የስድስት መቶ ዓመት ድንጋይ እንዲያቀርብለት በምን አፉ ያዝዛል?

ፍርስራሹ ይጠበቅ፣ ይቆፈር፣ ይጠና። «ምናልባት» የሚለውም ቃል፣ ተጨማሪ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ፣ ማንም ሳይነካው በቦታው ይቆይ።