ጽዋ ማኅበርና የተረኛው ኀፍረት

በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ ኮልፌ ቀራንዮ በተባለው ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ወር በገባ በ27ኛው ቀን ማለዳ ከደጁ ቢወጣ፥ ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሲጓዙ ያያል። ቅዳሴው ከተፈጸመ በኋላ ግን ይህ ሕዝብ ሁሉ በቀጥታ ወደየቤቱ የሚመለስ አይደለም። ከመካከሉ ብዙዎች ወንዶች፥ አንዳንዶቹ ወዲያው፥ አንዳንዶቹም ማታ ከሥራ መልስ፥ ዐሥርም ዐሥራ ሁለትም እየሆኑ በአጠና ተራ፥ በአየር ጤና፥ በዓለም ባንክ ወይም በሚኪ ሌላንድ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ወደሚገኝ የአንድ ወንድማቸው ቤት ይሰበሰባሉ። የማኅበር ቀን ነውና። ሴቶችም የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ እኔ የምናገረው ግን ስለ ወንዶቹ ነው፤ የማውቀው እርሱን ነው።

ቋንቋችን ስለዚህ ጉባኤ ሲናገር «ማኅበር እጠጣለሁ» ይላል። ማኅበር የሚለው ቃል ኅብረትን፥ አንድነትን የሚያመለክት ነው። እንግዲህ አንድነት የሚጠጣ ነገር ነውን? የሚጠጣ ከሆነስ በምን መጠን ነው? አነጋገሩ የተለመደ ስለ ሆነ አናስተውለውም እንጂ በውስጡ ታላቅ ጥያቄ ተሰውሮበታል።

ሥርዐቱ ለአንባቢ የታወቀ ነው። በመድኃኔ ዓለም፥ በእመቤታችን፥ በአንድ መልአክ ወይም በአንድ ጻድቅ ስም የተሰየመ ጽዋ አለ። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በበዓሉ ዕለት በተራ ይደግሳሉ፤ የንስሐ አባት ጸሎት ያደርሳሉ፤ ዳቦው ይቈረሳል፤ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በመጨረሻም የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን በንጹሕ ጨርቅ እንደ ተሸፈነ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ሥርዐቱን የሚጠብቀው ሽማግሌ በብዙ ስፍራ ሙሴ ይባላል። ይህ ጽዋ የቍርባን ጽዋ አለመሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ ሆኖም በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባለበት እንደሚጠጣ ስለሚታመን ማንም እንደ ተራ ዋንጫ አያየውም። በዚህም ከዕድርና ከዕቁብ ይለያል። ዕቁብ በገንዘብ ይለካል። ዕድርም በመዋጮ የቆመ ነው፤ በኮልፌ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ለኀዘን በአንድ ድንኳን የሚያስቀምጥ መልካም ነገር ቢሆንም ወርኃዊ ክፍያውን የከፈለ ሰው ግዴታውን ፈጸመ ይባላል። የጽዋ ማኅበር ግን እያንዳንዱን ሰው ቤቱን እንዲከፍት ይጠይቀዋል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

የነገሩ ሥር ጥንታዊ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 እንደ ተነገረው የመጀመሪያዎቹ ምእመናን በየቤቱ እንጀራ እየቈረሱ በደስታ ይመገቡ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም አንደኛይቱን የቆሮንቶስ መልእክት ሲተረጕም፥ የቀደሙት ምእመናን ቅዱስ ምሥጢርን ከተቀበሉ በኋላ ባለጸጎቹ ምግብ እያመጡ፥ ድኾቹን እየጠሩ፥ ሁሉም በአንድነት ይመገቡ እንደ ነበረ ያስረዳል። በ4ኛው ምእት ዓመት በጋንግራ የተሰበሰቡት አበው፥ በሃይማኖት ተነሣሥተው ለጌታ ክብር ወንድሞችን የሚጋብዙትን ሰዎች የሚንቅና በግብዣቸው አልገኝም የሚል የተወገዘ ይሁን ብለው በ11ኛው ቀኖናቸው ወሰኑ። በዚያው ምእት ዓመት የሎዶቅያ ጉባኤ ደግሞ በ28ኛው ቀኖናው ይህ የፍቅር ማዕድ በቤተ እግዚአብሔር ውስጥ እንዳይደረግ ከለከለ። አንዱ ማዕዱን ከንቀት ጠበቀ፤ ሌላው ቤተ መቅደሱን ከግብዣ ጠበቀ። ሁለቱም ውሳኔዎች ያስፈለጉት ማዕድ በጎም ክፉም ሊሆን የሚችል ነገር ስለ ሆነ ነው።

ከእነዚህ ጉባኤያት 300 ዓመት ያህል አስቀድሞ ግን ሐዋርያው ጳውሎስ የማዕዱን ደዌ አውቆት ነበር። ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በአንደኛው መልእክቱ በምዕራፍ 11 የሚወቅሳቸው ስለ መብላታቸው አይደለም። አንዱ እየተራበ ሌላው እስኪሰክር በመጠጣቱ፥ ከዚህም ይልቅ ምንም የሌላቸውን ሰዎች በማሳፈራቸው ነው። ይህን «ማሳፈር» የሚለውን ነገር እባክህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ልብ በለው። የጽሑፌ ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ ነውና።

ከቆሮንቶስ ወደ ቤታችን ልመለስና እኔ ራሴ በምጠጣው ማኅበር የሆነውን ልናገር። በ2018 ዓ.ም. መስከረም 27 ቀን ተረኛ የነበረው ወንድማችን ንግዱ የሰመረለት ሰው ነው። ሁለት በግ ዐረደ፤ ዶሮው፥ ጥብሱ፥ በሣጥን የተደረደረው ቢራ ከጠላው አልፎ ተረፈ። ሁላችን በላን፥ ጠጣን፥ መረቅነው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ደጋሹም ለመታየት ያደረገው አይመስለኝም። በማግሥቱ ግን ስለ ጸሎቱ የተናገረ አንድ ሰው አልሰማሁም፤ የሁሉም ወሬ ስለ ጥብሱ ነበር።

ከእርሱ ቀጥሎ ጽዋውን ያነሣው ወንድማችን በጥበቃ ሥራ ከኖረ በኋላ በጡረታ የሚተዳደር፥ ባለ ብዙ ቤተ ሰብ ሰው ነው። ተራው የደረሰውም በጥቅምት 27 ነው። የስቅለቱ መታሰቢያ የሆነው መጋቢት 27 በዐቢይ ጾም ስለሚውል የመድኃኔ ዓለም በዓል በድምቀት የሚከበረው በዚህ ዕለት መሆኑን ምእመን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ከተራ ወር ይልቅ የበለጠ ድግስ ይጠበቃል። በዓሉ በዋለ ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ልጁ ወደ ሙሴው ቤት መጣች። በአንድ እጅዋ ጽዋውን፥ በሌላው በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ይዛ ነበር። «አባባ ድንገት ሀገር ቤት ሄዷል፤ ይቅር በሉኝ ብሏል» አለች። እኔ ግን በዚያው ሌሊት በቅዳሴ ጊዜ በቅጽሩ ግንብ አጠገብ ቆሞ አይቼው ነበር።

ምን አደረግን? የሰኔ ወር ተረኛ የነበረው ወንድም «እኔ እተካለሁ» አለና ተሯሩጦ በቤቱ አዘጋጀ። በዓሉን አከበርን። ጽዋውም ዞረ። «ለመሆኑ ወንድማችን ምን ነካው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አይቼው እንደ ነበረ አልተናገርሁም። ከጠጡትም አንዱ ነበርሁ።

በማኅበር ሕግ ከማኅበርተኛው ጋር የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀምስም። ይህ ከወንጌል የተቀዳ ሕግ ነው፤ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ አዝዟልና። በዚህ ምክንያት ለዓመታት ሳይነጋገሩ የኖሩ ሰዎች በማኅበር ቀን ሲተቃቀፉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሁለት ሰዎች ቢጣሉ ሽማግሌ ይላካል፤ ድንጋይ ይሸከማሉ፤ ይታረቃሉ። ያፈረው ሰው ግን ከማን ጋር ይታረቅ? የበደለው የለም፤ የበደለውም ሰው የለም። ለጠብ ሽማግሌ አለው፤ ለኀፍረት ግን ሽማግሌ የለውም። ስለዚህ የተጣላው ሰው ወደ ማኅበሩ ሲመለስ ያፈረው ሰው በጸጥታ ይቀራል፤ እኛም «ጠፋ» ብለን እናልፈዋለን።

ወደዚህ ሐሳብ የመራን የኅዳር 27 ማኅበር ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ 27 በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላሉ። በዚያ ዕለት በማዕዱ ላይ ሽሮ፥ ምስር፥ ንፍሮና ዳቦ እንጂ ሌላ አልነበረም። ጠላው ቀላል ነበር። ወሬያችንም ረዘመ፤ የታመሙትን ስም እያነሣን ጸለይን፤ ማንም ለመውጣት አልቸኰለም። በዚህ መካከል ሙሴው ጽዋውን እንደ ያዙ፥ «ወንድሞቼ፥ ዛሬ የጐደለብን ነገር አለን?» ሲሉ ጠየቁ። ምንም እንዳልጐደለ ሁላችን መለስን። «እንግዲያስ አንድ ሰው ጐድሎብናል» አሉ። በዚህ ጊዜ እኔም በጥቅምት ያየሁትን ተናገርሁ። ጾሙ ማኅበሩ በሕግ ሊያደርገው ያልቻለውን በትእዛዝ አድርጎት ነበር፤ በጾም ወር ድኻ ተረኛና ሀብታም ተረኛ አይለዩምና።

ስለዚህ በታኅሣሥ ጉባኤ ለፍስኩም ወር ወሰን ይደረግ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ይኸውም ዳቦ፥ ጠላና አንድ ዐይነት ወጥ ብቻ እንዲሆን ነው። ነጋዴው ወንድማችን ተቃወመ፤ ተቃውሞውም የሚናቅ አልነበረም። «ጋሼ፥ እኔ ለእናንተ አልደገስሁም፤ ስለት ነበረብኝ። ለመድኃኔ ዓለም የሚሰጠውን ማነው አሳንስ የሚለኝ? ያቺ ሴት የከበረውን ሽቱ በጌታ ላይ ባፈሰሰች ጊዜ ለድኾች በሆነ ነበር ብለው ያጕረመረሙት ሰዎች ተመሰገኑን?» አለ። በእውነት በዚያች ሰዓት መልስ አላገኘንም።

ኋላ ሳስበው ግን እንዲህ መሰለኝ። ያቺ ሴት ሽቱውን ያፈሰሰችው በጌታ ላይ ነው፤ ከእርስዋ በኋላ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አልነበረም። የእርስዋ ልግስና ማንንም ዕዳ ውስጥ አልጣለም። የማኅበር ድግስ ግን በተራ የሚደረግ ነውና ዛሬ የተሰጠው ሁሉ ለነገው ተረኛ መለኪያ ይሆናል። ብቻውን ሲታይ ልግስና የሆነው ነገር በተራ ሲታይ ሸክም ሊሆን ይችላል። አንድ ሥራ በጎ መሆኑ በሠሪው ልብ ብቻ ሊለካ አይበቃም፤ በሚቀጥለው ሰው ቤት የሚያደርገውም ሊታይ ይገባዋል። ስለቱን ሊከለክለው የሚችል የለም። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነዳያን ተቀምጠዋል፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታ ጥሩ ያለው ብድራት ሊመልሱ የማይችሉትን ሰዎች ነው። ሁለቱ በጎች በዚያ ቢታረዱ ከበሉት መካከል በሚቀጥለው ወር አጸፋውን ለመመለስ የሚበደር አንድ ሰው አይኖርም ነበር።

የተስፋውስ ቃል በምን ላይ ቆሟል? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 መጨረሻ ዋጋው አይጠፋበትም የተባለው ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጣ ሰው ነው። በየካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል የምንሰማው የበላዔ ሰብ ታሪክም 78 ሰው የበላው ያ ኀጢአተኛ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም ጥርኝ ውሃ በመስጠቱ እንደ ዳነ ይተርካል። ጥርኝ ውሃ! በዚህ ታሪክ የምናምን ሰዎች አንድ ድፎ ዳቦና አንድ እንስራ ጠላ ያለው ወንድማችን ድግሱ አነሰ ብሎ እንዲሸሽ ያደረግነው እንዴት ነው?

አንዳንዶች ሌላ መፍትሔ ያቀርባሉ፤ ሁሉም እኩል እያዋጣ ይደገስ፥ ያልቻለውም ከተራ ነጻ ይሁን ይላሉ። መዋጮው ለአንዳንዱ ማኅበር ይጠቅም ይሆናል። ድኻውን ከተራ ነጻ ማውጣት ግን እኔን ደስ አይለኝም። ከመደገስ ለዘለዓለም ነጻ የወጣ ሰው ለዘለዓለም እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ወንድሞቹን በገዛ ቤቱ ተቀብሎ «ጠበል ጻዲቅ ቅመሱ» ማለት የድኻውም ክብር ነው፤ ይህን ክብር በርኅራኄ ስም ልንወስድበት አይገባንም። ከዚያ ይልቅ የማዕዱ ልክ እርሱ በሚችለው ይሁን። እርግጥ ነው፥ ወሰኑም ራሱ ትዕቢት ሊሆን ይችላል፤ «የእኛ ማኅበር እኮ ትሑት ነው» እያሉ መመካት አይቀርም። ወንዶች በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ የሚወዳደሩበት ነገር አያጡም።

ወሰኑ በታኅሣሥ ጸደቀ። ነጋዴውም ጥቂት አጕረምርሞ ተቀበለ፤ የቀረውን ስለቱን በጥር ወር ለነዳያን እንዳደረገ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሙሴው፥ ሌላ አንድ ወንድምና እኔ ወደ ጡረተኛው ቤት ሄድን። በደስታ ተቀበለን፤ ቡና ተፈላ፤ ስለ ጤፍ ዋጋ፥ ስለ ልጁ ትምህርት፥ ስለ መንገዱ ሥራ ተጨዋወትን። ስለ ማኅበር እርሱም አላነሣ፥ እኛም አፈርን። ሽማግሌው ተመርኵዘው ሊወጡ ሲነሡ ግን በሩ ላይ፥ «ጽዋው ዛሬ ከማን ዘንድ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ነገርነው። በጥቅምት የተካው የሰኔው ተረኛ ስለ ሆነ የሰኔ 27 ተራ ወደ እርሱ እንደ ተዛወረም ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማን። ሰኔ 27 በጾመ ሐዋርያት ውስጥ የሚውል መሆኑን እርሱም እኛም እናውቃለን።