የስፌት መኪናና የተረፈው ጊዜ

በ1831 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች የባርተሌሚ ቲሞንዬን የስፌት መኪናዎች ሰባበሩ፤ እንጀራችንን ይነጥቁናል ብለው ፈርተው ነበርና። በ1851 አሜሪካዊው አይዛክ ሲንጀር ለራሱ መኪና የፈጠራ መብት አገኘ፤ በኋላም ዋጋው ቀስ በቀስ እንዲከፈል በመደረጉ መኪናው በየቤቱ ገባ። በእጅ ከ14 ሰዓት በላይ የሚፈጀው የወንድ ሸሚዝ በመኪና በ1 ሰዓት ከሩብ ገደማ እንደሚያልቅ በዚያ ዘመን ተለክቶ ተነገረ። በእኛም አገር ሲንጀር በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ በክብር የተቀመጠባቸው ቤቶች ነበሩ። ዛሬ ማን ዘወር ብሎ ያየዋል?

መለመዱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ በየማለዳው በመኪናው የሚደነቅ ሰው መቼ ይሰፋል! የሚያሳስበን ሌላ ነው። የተረፈው 13 ሰዓት ለማን ሆነ? ለብዙዎቹ ሰፊ ሴቶች ዕረፍት አልሆነም፤ የአንዱ ሸሚዝ ዋጋ ወርዶ በዚያው ቀን ብዙ ሸሚዝ እንዲሰፉ ተገደዱ እንጂ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981 በጻፉት «ላቦረም ኤክሰርቸንስ» በተሰኘው መልእክታቸው ቴክኒክ የሰው ረዳት መሆኑን ከመሰከሩ በኋላ፣ ሰውን ከሥራው ሲያፈናቅል ግን ጠላቱን ወደ መምሰል እንደሚደርስ አስጠንቅቀዋል። የፓሪስ ሰፊዎች በዓመፅም ቢሆን ይህንኑ ጠይቀው ነበር። መኪናው ሲለመድ ጥያቄውም አብሮ ተለመደ፤ ዝምም ተባለ።

አሁን ደግሞ በቤት ውስጥ ዕቃ የሚያትም መሣሪያ መጥቶ ሌላውን ዓለም እያስደነቀ ነው። እኛ ግን በሱቅ በረንዳ ላይ መኪናቸውን በእግራቸው እየረገጡ ከሚሰፉልን አባት ልብሳችንን ስንቀበል፣ ዋጋ ከመከራከራችን በፊት ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው ጠይቀን እናውቃለን?