ምልክትና መንስኤ፦ የመኪና የስህተት ኮድ ምን ይመሰክራል?

ከሚታየው ምልክት ተነሥቶ ስለማይታየው መንስኤ ምን ያህል መናገር እንደሚቻል ፍልስፍናም የሃይማኖት ሕግም ለረጅም ዘመን የመረመሩት ጥያቄ ነው። አርስቶትል ስለ ማስረጃ በጻፈው ድርሳኑ አንድ ነገር መኖሩን ማወቅና ለምን እንደሆነ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች መሆናቸውን ሲያስረዳ፣ ፕላኔቶች እንደ ሌሎቹ ከዋክብት እንደማይብለጨለጩ አይቶ ቅርብ መሆናቸውን የሚደመድም ሰው እውነት ላይ ቢደርስም፣ ቅርብ የሆኑት ግን ስለማይብለጨለጩ እንዳልሆነ ያሳያል። ይህ ጥንታዊ ልዩነት ዛሬ በየጋራዡ ይፈተናል፤ የሚፈተነውም በዳሽቦርድ ላይ በምትበራው፣ በተለምዶ «ቼክ ኢንጅን» በምትባለው ቢጫ መብራትና ከእርሷ ጋር በሚመዘገበው የስህተት ኮድ ነው።

የስህተት ኮድ ማለት የሞተሩን ሥራ የሚመራው ኮምፒውተር ከሴንሰሮች የሚደርሰው መረጃ ከተወሰነለት ልክ ሲወጣበት በማኅደሩ የሚጽፈው፣ በአንድ ፊደል የሚጀምርና ብዙውን ጊዜ አራት አኀዞች የሚከተሉት መለያ ነው። ይህ አሠራር ለአምራቾች ሁሉ አንድ ወጥ ሆኖ በአሜሪካ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል መኪኖች ጀምሮ ግዴታ ሲሆን፣ የሕጉ ዋና ዓላማ ባለቤቱን ከወጪ ማዳን ሳይሆን ከጭስ ማውጫ የሚወጣውን ብክለት መቆጣጠር ነበር። መብራቷ በሾፌሩ ፊት ትብራ እንጂ በመጀመሪያ የቆመችው አየሩን ለሚተነፍሰው ሌላ ሰው ነው፤ የፍሬን ሸራ ቢያልቅ ወይም ጎማ ቢሳሳ ዝም የምትለውም ስለዚህ ነው።

«ፒ0171» የተባለው ኮድ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ትርጓሜው በሞተሩ አንደኛ ወገን የሚገባው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ቤንዚን አንሶታል የሚል ነው፤ ሆኖም ቤንዚኑን በቀጥታ የለካ ማንም የለም። በጭስ ማውጫው ላይ የተተከለው ኦክስጅን ሴንሰር የሚያውቀው ከቃጠሎ በኋላ የተረፈውን ኦክስጅን ብቻ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ኦክስጅኑ በዝቶ ሲያገኘው ቤንዚን አንሷል ብሎ ይገምትና ቤንዚን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ጥቂት ዘግይተው እንዲዘጉ ያዛል፤ ይህ ጭማሪ አምራቹ ከወሰነው ልክ ሲያልፍም ኮዱን ይመዘግባል። ለዚህ ሁኔታ መንስኤ የሚሆነው የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የደከመ የነዳጅ ፖምፓ፣ የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ወይም ከሴንሰሩ በፊት ተቀዶ የውጭ አየር የሚያስገባ ጭስ ማውጫ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ሊስተዋል የሚገባው ግን ካንዴላ እሳት መስጠት ሲያቆም የሚሆነው ነው፤ በዚያ ጊዜ ኦክስጅኑም ቤንዚኑም ሳይቃጠሉ አብረው ይወጣሉ፣ ሴንሰሩ ኦክስጅኑን እንጂ ቤንዚኑን አይለይም፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ሳይቃጠል እየፈሰሰ ሳለ ቤንዚን አነሰ ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ሴንሰሩ አልዋሸም፤ ያየውን በትክክል ተናግሯል። ስህተቱ የገባው ምስክሩ ካየው ተነሥቶ ወደ ፍርዱ በተደረገው እርምጃ መካከል ነው።

የኢትዮጵያ የፍትሕ ታሪክ ይህን ስህተት በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ሌባ ሻይ በተባለው አሮጌ ልማድ አደንዛዥ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቅና የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ተቆጥሮ የጠፋውን እንዲከፍል ይገደድ ነበር፤ ምልክቱ ያረፈበት ቦታ ያለ ተጨማሪ ምርመራ የጥፋተኛው ቦታ ተደረገ ማለት ነው። አንድ ኮድ ኦክስጅን ሴንሰርን ስለጠራ ብቻ ሴንሰሩን ነቅሎ አዲስ የሚገጥም መካኒክ የሚያደርገው ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ነገሩም ከሙያ ድክመት አልፎ የፍትሕ ጉዳይ የሚሆነው፣ ለማመሳከር ዕውቀቱም መሣሪያውም የሌለው የመኪና ባለቤት ጥፋት ላልተገኘበት ዕቃ ዋጋ ስለሚከፍል ነው።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ማንም ጥፋተኛ እንዳይባል፣ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች እንዲጸና ያዛል። የኮምፒውተሩ አሠራር ወደዚህ ጥንቃቄ የቀረበ ይመስላል፤ ብዙዎቹን ብልሽቶች መጀመሪያ ሲያገኝ በእንጥልጥል ይመዘግባቸውና በሚቀጥለው ጉዞ ደግመው ከታዩ ብቻ መብራቱን ያበራል። ይሁን እንጂ አንድ ሴንሰር ሁለት ጊዜ መናገሩ ሁለት ምስክር አያደርገውም፤ ድግግሞሹ ጉዳዩ የአጋጣሚ አለመሆኑን ያሳያል እንጂ የትርጓሜውን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። ሁለተኛው ምስክር ከሌላ ወገን መምጣት አለበት፤ የነዳጁን ግፊት የሚለካው ጌጅ፣ የአየር ቱቦው የት እንደሚያፈስ ለማየት የሚገባው ጭስ፣ ከሲሊንደር ወደ ሲሊንደር እየተዛወረ የሚሞከረው፣ ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው ኮይል እውነተኛ ምስክሮች የሚሆኑት ከመጀመሪያው ሴንሰር ተለይተው ስለሚናገሩ ነው።

ኮዱን በመሣሪያ የማጥፋት ልማድም በዚሁ መመዘኛ ሊታይ ይገባዋል። ጥገናው ትክክል ከሆነ ኮምፒውተሩ ብልሽቱን በሦስት ተከታታይ ጉዞዎች ፈትሾ ካጣው መብራቱን ራሱ ያጠፋል፣ ብዙውን ጊዜም ሞተሩ ተነሥቶ 40 ጊዜ ያህል ከሞቀ በኋላ መዝገቡን ይሰርዛል። በመሣሪያ ሲጠፋ ግን ብልሽቱ በተከሰተበት ቅጽበት የተቀዳው የሞተሩ ፍጥነት፣ ሙቀትና ጭነት አብሮ ይጠፋል፤ ያ ደግሞ መንስኤውን ለሚፈልግ ሰው ከኮዱ የበለጠ የሚናገር ማስረጃ ነው። የብክለት መቆጣጠሪያውን ሕግ የነደፉት ሰዎች ይህን አስቀድመው አስበውበታል፤ ኮዱ በተሰረዘበት መኪና ላይ ኮምፒውተሩ አብዛኞቹን ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» ብሎ ያሳያል እንጂ «ደኅና ነው» አይልም፣ በዚህም ተመርምሮ ነፃ የወጣውንና ገና ያልተመረመረውን ለይቶ ያስቀምጣል።