የ108 ቀን ልዩነት

ወባማ አገር የኖረ ሰው የክሎሮኪን ምሬት እስካሁን ምላሱ ላይ አለ። ይኸው ኪኒን ለመገጣጠሚያ ብግነትም ይታዘዛል ሲባል ግን ብዙው ሰው ይገረማል። በኔዘርላንድሷ የዩኒቨርሲቲ ከተማ በላይደን የሆነው ነገር ከዚሁ ርካሽ ኪኒን ጋር የተያያዘ ነው።

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ድሮ የሚታከመው ቀስ ተብሎ ነበር። መጀመሪያ ማስታገሻ ይሰጣል፤ ካልተሻለ ጠንከር ወዳለው መድኃኒት ይታለፋል። ሐኪሞቹ የጠንካራው መድኃኒት ጉዳት ከበሽታው እንዳይብስ ይፈሩ ስለነበር ነገሩ ከክፋት የመጣ አልነበረም። በሽታው ግን አይታገሥም። መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሸፈነው ስስ ሽፋን ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ቀጥሎም አጠገቡ ያለውን አጥንት መብላት ይጀምራል። ማስታገሻ ሕመሙን ዝም ያሰኛል እንጂ መበላቱን አያስቆምም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለጀማሪ የመገጣጠሚያ ብግነት ብቻ የሚሆን ክሊኒክ ከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመጡት በድሮው ልማድ ከማስታገሻ ጀመሩ፤ የመካከለኛው ሕመምተኛ ክሎሮኪን ወይም ሰልፋሳላዚን እስኪጀመርለት 123 ቀን ፈጀ። ከ1996 ወዲህ የመጡት እነዚያኑ መድኃኒቶች በ15 ቀን ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ራጅ ሲነሡ ቶሎ የጀመሩት ሰዎች መገጣጠሚያ የደረሰበት ጉዳት አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ ያው ኪኒን 108 ቀን ቀደመ። እርግጥ ሁለቱ ቡድኖች በተለያየ ጊዜ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ በዕጣ ተለይተው የተነጻጸሩ አይደሉም። እኔን ግን ያሳምነኛል፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶችም ወደዚያው ነው ያጋደሉት።

በ2010 ከዚሁ ክሊኒክ የወጣው ቁጥር ደግሞ የበለጠ ያስተክዛል። ከ598 ሕመምተኞች ውስጥ 69 በመቶው ስፔሻሊስት ፊት የደረሱት ምልክቱ ከጀመራቸው ከ12 ሳምንት በኋላ ነበር። የእነርሱ መገጣጠሚያ ቶሎ ከደረሱት ይልቅ ተጎድቷል፣ መድኃኒት አቁመው ደህና የመሆን ዕድላቸውም ጠቧል። ይህ እንግዲህ በሩ በተከፈተባት ከተማ ነው! ታዲያ ጊዜው የት ገባ? የእንግሊዟ በርሚንግሃም ሐኪሞች 169 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ምልክቱ ከጀመረ ስፔሻሊስት እስኪያያቸው የመካከለኛው ሰው ጊዜ 23 ሳምንት ሲሆን፣ ሰውየው ራሱ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ሳይነሣ የቆየው ብቻ 12 ሳምንት ነው።

እኛ ዘንድ ይህን መዘግየት የሚያራዝመው «ቁርጥማት» የምትባለው ቃል ትመስለኛለች። እርጅናውም፣ ብርዱም፣ ድካሙም፣ ብግነቱም እዚያች ቃል ውስጥ ይገባሉ። ስም የወጣለት ነገር ደግሞ የታወቀ ይመስላል፤ ቅባት ይቀቡታል፣ ወጌሻ ያሹታል። ሐኪም ዘንድ የሄደውም ቢሆን «ደምህ ንጹሕ ነው» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። በሽታው ገና ሲጀምር የደም ምርመራውም ራጁም ምንም ላያሳይ ይችላል፤ የሚታመነው እጅ ነው።

ይህን በአክስቴ አይቻለሁ። ያየቻት ስፔሻሊስት የምርመራ ወረቀቶቹን ወደ ጎን አድርጋ የአክስቴን እጅ እንደ ሰላምታ ያዘችና ጣቶቹ ከመዳፍ የሚገናኙበትን መሥመር ከጎንና ከጎን ጨመቅ አደረገችው። አክስቴ እጇን ነጠቀች። «ጠዋት ስትነሺ ለምን ያህል ጊዜ ይደርቅብሻል?» አለቻት።

«ቡናው እስኪፈላ።»

«ከመቁላቱ ጀምሮ?»

«ከመቁላቱ ጀምሮ ነው እንጂ!»

ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ የጠዋት ድርቀት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ያበጠ መገጣጠሚያ፣ ሲጨመቅ የሚያስነጥቅ እጅ፦ አንዱም ቢሆን ወደ ስፔሻሊስት ለመላክ ይበቃል። ሐኪሟ መቼ እንደጀመራት ጠየቀቻት። «የጥምቀት ሰሞን» አለች አክስቴ። ያን ጊዜ መስከረም ነበር። በልቤ ቆጠርኩ፤ 12ቱ ሳምንት ያለቀው ፋሲካ አካባቢ ነው። የዚያን ፋሲካ የዶሮውን ሽንኩርት ጎረቤት እንደከተፈላት፣ እኛም «ዘንድሮስ ሰነፍሽ» ብለን እንደሳቅንባት ትዝ አለኝ።