ስለ መድኃኒትና ስለ ጸሎት

ሰው ከሰው ሲገናኝ በቋንቋችን ከሚለዋወጣቸው ቃላት አንዱ «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው ነው። ይህ ቃል ሰላምታ ቢሆንም በውስጡ ጸሎት አለበት፤ ሰጪው ማን እንደ ሆነ ስሙ ባይጠራም ሁሉም ያውቀዋል። የታመመ ሰው ስንጠይቅም «እግዜር ይማርህ» እንላለን፤ ይህንኑ በሐኪም ቤት ውስጥ፣ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆመን እንናገራለን። «መድኃኒት» የሚለው ስም ደግሞ ከግዕዝ የወረስነው ሲሆን፣ «መድኃኔ ዓለም» ከሚለው ስም ጋር ከአንድ ግንድ የበቀለ ነው። አባቶቻችን ይህን ቋንቋ ሲያወርሱን መዳንን በሁለት ቃል ከፍለው፣ አንዱን ለሥጋ ሌላውን ለነፍስ ለይተው አልሰጡንም።

ነገር ግን ቃላት ስለ ተዛመዱ ብቻ ነገሮች ተስማምተው ይኖራሉ ማለት አይቻልም። በየቤታችን መድኃኒትና ጸሎት ሲጣሉ እናያለን። አንዱ «እምነት ያለው ሰው ክኒን ምን ያደርግለታል?» ይላል፤ ሌላው «ክኒኑ ካለ ጸሎቱ ምን ይረባል?» ብሎ ይመልሳል። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህ ክርክር የሰባኪዎችና የሐኪሞች ብቻ ነው ብለህ አትለፈው። በዱራሜም ሆነ በሆሳዕና፣ በገጠሩም ቀበሌ ቢሆን፣ ከቤተ ሰብ መካከል አንድ ሰው ሲታመም «አንተ ተምረሃልና የመድኃኒቱን ጽሑፍ አንብብልን» ተብለህ የምትጠራው አንተ ነህ። ወረቀቱን ካነበብክ በኋላም «ምን እናድርግ?» ብለው ይጠይቁሃል። በዚያች ሰዓት የምትሰጠው መልስ የሰው ሕይወት ሊያተርፍ ወይም ሊያጠፋ ይችላልና አስቀድመህ ልታስብበት ይገባሃል።

ከታሪክ እንጀምር፤ የዘመኑን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጽፈዋለሁ። በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ኤጲስ ቆጶስ ባስልዮስ ከከተማው ዳር ድኾችና በሽተኞች የሚጠለሉበትና የሚታከሙበት ታላቅ ሕንፃ አሠራ፤ ከጥንት ሆስፒታሎችም አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። ባስልዮስ የጸሎት ሰው ነበር፤ መነኮሳት የሚመሩበትንም ሥርዓት የጻፈ ነው። ሆኖም ለበሽተኛው ሐኪምና አስታማሚ እንዲቀርብለት ማድረጉን ጸሎቱን እንደ መተው አልቈጠረውም። ወደ እኛ አገር ስንመጣም በ1928 ሐኪሙ ቶማስ ላምቢና ጓደኞቹ ወደ ደቡብ ወርደው በሆሳዕና፣ በወላይታና በሲዳማ የሚሲዮን ጣቢያ ማቋቋም ጀመሩ። ሚሲዮኖች በደረሱበት ስፍራ ሁሉ ብዙ ጊዜ ጸሎት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩ በአንድ ግቢ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በዚያ ግቢ ያደግን ሰዎች ጠዋት መዝሙር ዘምረን፣ ወዲያው ስለ ወባ ትንኝና ስለ ንጹሕ ውኃ ስንማር፣ አንዱ ሌላውን ያፈርሳል የሚል አሳብ አልመጣብንም።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ቢሆኑ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ አለቀሰ፤ ጸለየም፤ ጸሎቱም እንደ ተሰማ ነቢዩ ኢሳይያስ ነገረው። ነገር ግን ያው ነቢይ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ደጉ ሳምራዊም ወንበዴዎች ያቈሰሉትን መንገደኛ ባገኘው ጊዜ ቍስሉን በወይንና በዘይት አክሞ አሰረለት፤ ወደ እንግዶች ማደሪያም ወስዶ የሚያስታምመውን ሰው በገንዘቡ ቀጠረለት። ከወንጌላውያን አንዱ ሉቃስ ባለመድኃኒት እንደ ነበረ ተጽፏል። በእስልምናም ትምህርት ለደዌ ሁሉ ፈውስ እንደ ተፈጠረለትና ሰው መድኃኒት መፈለግ እንደሚገባው ይነገራል። እንግዲህ መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጕድለት ነው የሚል ሰው ይህን ትምህርት ከየት እንዳመጣው ሊጠየቅ ይገባዋል።

አሁን ጥፋቱ ወዴት እንዳለ እንመልከት። ለኤች አይ ቪ የሚሰጠው መድኃኒት በአገራችን በነፃ መታደል የጀመረው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት ይህ በሽታ ከየመንደሩ ብዙ ጐልማሶችን ወስዶ፣ ብዙ ሕፃናትን ያለ ወላጅ አስቀርቷል። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ያግዳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም፤ በሰውነት ውስጥ በአንዳንድ ሕዋሳት ተደብቆ ይኖራል። ስለዚህ መድኃኒቱን በየቀኑ በደንብ የሚወስድ ሰው ይወፍራል፤ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ ብዛት ሲለካም ከመታየት በታች እስኪሆን ድረስ ይቀንሳል።

እንግዲህ አንዲት ሴት እንዲህ ጤና ባገኘች ጊዜ አንድ ጸሎተኛ መጥቶ «ድነሻልና መድኃኒቱን ጣዪው» አላት እንበል። ጣለችው። በሳምንቱ ምንም አልሆነችም፤ በወሩም ደኅና ነች። በጉባኤ ፊት ቆማ ትመሰክራለች፤ የሰማው ሁሉ ያመሰግናል። ምስክርነቷ ውሸት አይደለም፤ የሚሰማትን ነው የተናገረችው። ነገር ግን ቫይረሱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደ ገና መራባት ይጀምራል፤ ሕመሙ ግን ዘግይቶ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ይገለጣል። በወደቀች ጊዜ ጉባኤው ሌላ ምስክር እያዳመጠ ነው፤ ለእርሷ ውድቀት የሚመሰክር የለም። በዚህም ምክንያት ስሕተቱ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ደስታው በአደባባይ ይነገራል፤ ሞቱ ግን በጓዳ ይቀራል። ለሳንባ ነቀርሳም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ሕክምናው የተለመደው ስድስት ወር ሲሆን፣ በሽተኛው ግን በጥቂት ሳምንት ሳሉ ሲቀልለት የዳነ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ቢያቋርጥ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስ፣ ለቤተ ሰቡም ሊተርፍ ይችላል።

ይህን ችግር ያስተዋሉ የሃይማኖት አባቶች አልጠፉም። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ማርያም ብዙ ሕመምተኞች ጠበል ለመጠመቅ ይሰበሰቡ ነበር፤ ከእነርሱም ውስጥ የኤች አይ ቪን መድኃኒት ከጠበል ጋር መውሰድ እምነትን ማርከስ የሚመስላቸው ነበሩ። በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ ተናገሩ። ይህ ቃል ከብዙ ስብከት ይልቅ የሚጠቅም ቃል ነበር፤ ምክንያቱም አማኙ ከጠበሉና ከሕይወቱ አንዱን ምረጥ ተብሎ እንዳይጨነቅ አድርጎታል። ሐኪም ይህን ቢናገር «እርሱማ ሐኪም ነው» ይባል ነበር፤ የተናገሩት ግን የጠበሉ ባለቤቶች አባት ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ለበሽተኛ የሚነገር አንድ ክፉ ቃል ነው፤ ይኸውም «ያልዳንከው እምነት ስለ ጐደለህ ነው» የሚለው ነው። የታመመ ሰው አንድ ሸክም አለበት፤ ይህን ቃል የሚናገረው ሰው ሁለተኛ ሸክም፣ ይኸውም በደለኛነትን ይጨምርበታል። የሥጋ ደዌን ታሪክ ተመልከት። በብዙ ዘመንና በብዙ አገር ሕዝብ ይህን በሽታ እንደ እርግማን ቈጥሮት፣ በሽተኛውን ከቤቱና ከወገኑ አውጥቶ ጣለው። በ1873 የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሐንሰን የበሽታውን ተሐዋስ አየ። በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ብዙ መድኃኒቶች አንድ ላይ እንዲሰጡ መከረ፤ ዛሬ በወራት ሕክምና ፈጽሞ የሚድን በሽታ ሆኗል። በአዲስ አበባ በ1965 የተመሠረተው አለርት በዚህ ሥራ ለአገራችንም ለሌላውም አፍሪካ ሐኪሞችን አሠልጥኗል። ታዲያ ከዚያ በፊት «ኀጢአቱ ነው» እየተባለ በየመንገዱ ዳር የሞተውን ሰው ማን ይክሰዋል? በሚጥል በሽታም እንዲሁ ነው። መንፈስ ነው በማለት ክብሪት ጭሮ ማሽተት ዛሬም አልቀረም፤ ሕፃኑ ግን የሚያስፈልገው በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚዋጥ ርካሽ ክኒን ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ወጣት ምናልባት «እንግዲያውስ ጸሎቱን ትተን መድኃኒቱን እንያዝ» ይል ይሆናል። ይህም ፍርድ ጥድፊያ ያለበት ነው። በሽተኛ የተበላሸ ሰዓት አይደለም፤ ፈትቶ ጠግኖ መመለስ አይበቃውም። ሌሊት ሌሊት «ልጆቼ ምን ይሆናሉ? ለምን በእኔ ላይ ደረሰ? የበደልኩት ሰው ይቅር ይለኝ ይሆን?» እያለ የሚጠይቅ ነው። ለዚህ ጥያቄ በመርፌ የሚሰጥ መልስ የለም። እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ በመጀመሪያ አስታማሚ ነርስ ነበረች፤ በኋላም ሐኪም ሆና በ1967 በለንደን ሊሞቱ ለቀረቡ ሕመምተኞች የተለየ ቤት ከፈተች። እርሷ ያስተማረችው ሥቃይ አራት ፊት እንዳለው ነው፤ የሥጋ፣ የአሳብ፣ የኑሮና የመንፈስ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2002 የማይድን በሽታ ላለባቸው ሰዎች የሚደረገውን እንክብካቤ ሲተረጕም የመንፈስን ችግር ከሥጋው ሕመም ጋር አብሮ ቈጥሮታል። ሳይንስ ራሱ መንፈሳዊውን ነገር ከበሽተኛው ክፍል አላስወጣውም ማለት ነው።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። አውስትራልያዊቷ ካትሪንና ባሏ ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በረጅም ምጥ ምክንያት ሽንታቸውን መቈጣጠር ያቃታቸውን፣ ባል የፈታቸውንና ጎረቤት የሸሻቸውን ሴቶች ማከም ጀመሩ፤ በኋላም ለእነርሱ ብቻ የሚሆን የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ። ሁለቱም በእምነታቸው የጸኑ ሰዎች ነበሩ፤ ካትሪን በ2020 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ በዚሁ አገር ኖራለች። በዚያ ሆስፒታል ቍስሉ የሚሰፋው በተማረ እጅ ነው። ነገር ግን ሴቲቱ ድና ወደ አገሯ ስትመለስ አዲስ ልብስ ይሰጣታል። ልብሱ ለቍስሉ ምን ይጠቅማል? ምንም። የተዋረደችውን ሴት ግን ክብርት ሆነሽ ግቢ ይላታል። የመንፈስ እንክብካቤ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ሰው ይህን ልብስ ማሳየት ይበቃል።

እንግዲህ ለየሰዉ የሚገባውን ሥራ እንለይ። የሚጸልይ ሰው ይጸልይ፤ እጁንም ይጫን፤ አብሮም ያልቅስ። መድኃኒት አቋርጥ ብሎ የማዘዝ ሥልጣን ግን የለውም፤ እግዚአብሔር ፈውሶት እንደ ሆነ ምርመራው ይገልጠዋልና ምርመራን መፍራት አይገባውም። ሐኪሙና ነርሷም በሽተኛው መጽሐፉን ከትራሱ ሥር ቢያደርግ፣ ጠበል በጠርሙስ ቢያስቀምጥ፣ ዘመዶቹ በዙሪያው ቢዘምሩ አይሳቁበት። የተሳቀበት በሽተኛ ይደብቃል፤ ክኒኑን መተዉንም ይደብቃል፤ የደበቀውን ደግሞ ማንም ሊያክምለት አይችልም። ጠያቂም ወደ በሽተኛ ሲሄድ ምርመራና ፍርድ ይዞ አይሂድ፤ የሚበላ ነገር፣ ጥቂት ቃልና ብዙ ዝምታ ይዞ ይሂድ።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ሙሉ ሰው ሁሉን ከተረዳ በኋላ «እኔ መድኃኒቱን አልፈልግም፤ በእምነቴ እቈያለሁ» ቢል ምን እናድርግ? ሕሊናውን ልናስገድደው አይገባንም፤ እውነቱን በግልጽ ነግረነው፣ በሩን ሳንዘጋበት፣ በፍቅር እናስታምመው። ሕፃን ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወላጅ በገዛ ሕይወቱ ላይ ይወስን ይሆናል፤ ገና መምረጥ በማይችል በልጁ ሕይወት ላይ የራሱን እምነት ለመፈተን ግን መብት የለውም። አብርሃም ልጁን ወደ ተራራ ቢወስድም እጁን የያዘው ድምፅ እንደ ነበረ አይርሳ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገ «አንብብልን» ብለው ሲጠሩህ የመድኃኒቱን ወረቀት በትክክል አንብብ፤ የሚወሰድበትን ሰዓትና የሚያልቅበትን ቀን በማስታወሻ ጻፍላቸው። እናትህ ከዚያ በኋላ «እንጸልይ» ብትልህ አብረሃት ተንበርከክ። ስትነሣ ግን ክኒኑን የሚያስውጥ ውኃ ቀድተህ አምጣ፤ ነገም በዚያው ሰዓት መርሳት አይገባህም።