ጤና አዳሙን የጋረዱት ሰውዬ

ካዛንቺስ ገና ሳይፈርስ ነው እንበል። ስድስት አባወራ በአንድ ቧንቧ በሚጠቀምበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ። ከቧንቧው አጠገብ፣ አፉ በተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ የተከሉት ጤና አዳም አላቸው። ልጃቸው ለሥራ ቤሩት ከሄደች በኋላ ስልክ ላከችላቸውና አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፦ «እማዬ፣ ጠዋት ጠዋት ጤና አዳሙን እያነሳሽ ላኪልኝ።»

ነገሩ ብዙም ባይገባቸው እሺ አሉ። በየጠዋቱ፣ ቡናው ሳይቀርብ፣ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ይወጣሉ፤ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጭምድድ አድርገው ይይዙና ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው አንድ ፎቶ ያነሳሉ። በኢሞ ይልካሉ። አለቀ።

ችግሩ ቧንቧው ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በመጣ ጠዋት ሰው ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ ይሰለፋል። አንዷ የልጇን ፊት ታጥባለች፤ ተማሪው ጫማውን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፤ ዶሮ ታልፋለች። ከሁሉም የባሱት ግን ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። በፒጃማቸው ላይ ጃኬት ደርበው፣ ቢጫ ጄሪካናቸውን እያንኳኩ፣ ልክ ፎቶው ሊነሳ ሲል ከች ይላሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ዞር ይበሉልኝ! ጤና አዳሙን ጋረዱብኝ እኮ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔስ ብሆን? ቡና ላይ ጣል ብታደርጊኝ እሸታለሁ!» ይሉና በተረፉት ጥርሶቻቸው ይስቃሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስልኩ ሞላ። የወንድማቸው ልጅ፣ ኮምፒውተር የተማረ ጨዋ ልጅ፣ «አክስቴ፣ የተበላሹትን ላጥፋልሽ» ብሎ ተቀመጠ። ሥራው ጥንቃቄ አላጣም፤ አንድ በአንድ አየ። ጄሪካን የገባበትን አጠፋ። የጎረቤት ክርን ግማሹን የሸፈነውን አጠፋ። ሕፃን ሲሮጥ የደበዘዘውን፣ ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ነፋስ አምጥቶ የጋረደበትን፣ ጋሼ ያሉበትን በሙሉ አጠፋ። ጥርት ያለ፣ አረንጓዴ ጤና አዳም ብቻ ቀረ። «ተባረክ» አሉት።

በ2017 መጀመሪያ ግቢው ፈረሰ። አባወራው ተበታተነ፤ ለቡና መጠራራት ቀርቶ ለቅሶ ለመድረስ እንኳ ሁለት ታክሲ መያዝ ግድ ሆነ። ዓመት ሳይሞላ ጋሼ አረፉ።

ድንኳኑ ውስጥ የቆመው ከመንጃ ፈቃዳቸው ላይ ተወስዶ እንዲተልቅ የተደረገ ጉርድ ፎቶ ነው። ግንባራቸው ተቋጥሯል፣ ከንፈራቸው ተጣብቋል። ልጃቸው «ይሄ አባዬን አይመስልም» እያለች አነባች። በሦስተኛው ቀን ወደ እናትየው ጠጋ አለች። «እማማ፣ ፎቶ ሲያነሱ አባዬ ይገባብዎት አልነበር?» እሳቸውም ስልካቸውን ከፈቱ። ቅጠል። ቅጠል። ቅጠል። በጣታቸው ቢገፉት ቢገፉት ሰው የለም።

ማታ ቤሩት ደውለው እየፈሩ ጠየቁ።

«ጋሼ ያሉበት ሁሉም አለኝ፤» አለች ልጃቸው። «ያጠፋሁት ቅጠሉ ብቻ ያለበትን ነው።»

«እንዴ! ጤና አዳሙን ላኪልኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«‹ግቢውን አንሺልኝ› ብልሽማ መጀመሪያ ትጠርጊው፣ ከዚያ ሰዉን በነጠላ ታሰልፊልኝ ነበር!»

ለአርባቸው በወጣው ፎቶ የጋሼ ግራ ትከሻ የለም፤ ጄሪካኑም ግማሹ ተቆርጧል። አፋቸው ግን በሳቅ ወለል ብሏል።

ምሳሌው ይኸው ነው። ልጁን ግን አትውቀሱት፤ እኛው ያስተማርነውን ነው የሠራው። የፎቶ ወግ እኛ ዘንድ ሥር የሰደደው በቤተ መንግሥት በኩል ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ እንደ አርመናውያኑ ቦያጂያን ቤተሰብ ያሉ ባለሙያዎች ነገሥታቱንና መኳንንቱን በክብር ልብሳቸው አቁመው አነሷቸው። ኋላ በየሰፈሩ የተከፈተው ፎቶ ቤትም ወጉን አልቀየረም፤ የተቀባ መጋረጃ፣ የተውሶ ኮት፣ «ቀና በል!» ብሎ ማዘዝ። ሰው ፎቶ የሚነሳው ተዘጋጅቶ ነው ብለን አደግን፤ በስልክ ዘመንም መጀመሪያ የምናጠፋው ሰው ሳይዘጋጅ የተገኘበትን ሆነ።

በየቀኑ ማንሳት ይህን ወግ የሚያፈርሰው በሌላ በምንም ሳይሆን በድግግሞሹ ነው። ለአንድ ቀን ግቢ ይጠረጋል፤ በየቀኑ ግን ማንም ሊዘጋጅ አይችልም። ኒው ዮርክ ይኖር የነበረው ጄሚ ሊቪንግስተን ከመጋቢት 1979 እስከ ጥቅምት 1997 እ.ኤ.አ. በፖላሮይድ ካሜራ በቀን አንድ ፎቶ አነሳ። ከ6,000 በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹ ደግሞ የጓደኛ ፊት፣ የተበላ ማዕድ፣ የክፍል ጥግ። የመጨረሻው የተነሳው ሊቪንግስተን በካንሰር በሞተበት በ41ኛ የልደት ቀኑ ነው። ጓደኞቹ ከአሥር ዓመት በኋላ በተርታ ሰቅለው ለሕዝብ አሳዩለት። ሰው ቆሞ የሚያየው አንዱን ፎቶ ለብቻው አይደለም፤ ከተርታው ውስጥ ጓደኝነቱን፣ ፍቅሩን፣ በኋላም የሕመሙን አመጣጥ ያነባል። ያ ሰው መልካም መልካሙን መርጦ ሌላውን ጥሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይነበብም ነበር።

ስለዚህ ልጀምር ለሚል ሰው የምለው አጭር ነው። ከቤትህ አንድ ቦታና አንድ ሰዓት ምረጥ፤ የደጃፉን ደረጃ፣ የምድጃውን ጥግ፣ የፈለግኸውን። ጎረቤትህን አስፈቅድ፤ አልፈልግም ካለ አይነሳም፣ በዚህ ክርክር የለም። የሰዎቹን ስም ጻፍበት፤ ልጆችህ አያውቋቸውምና። በወር አንዴ ጥቂቱን አሳትም፤ ስልክ ይሰረቃል። ስልኩ ሞልቶ «ቦታ የለም» ሲልህ ደግሞ መጀመሪያ የሠርግ ቪዲዮዎቹን አጥፋ፤ የእነሱ ቅጂ ሙሽሮቹ ቤት አለ።