ሳይምሉ በመሐላ የታሠሩ

ወታደር ሲሆን እጁን አንሥቶ ለሰንደቅ ዓላማው የሚምለው ሰውዬው ብቻ ነው፤ ሚስቱ በመሐላው ስፍራ አልቆመችም፥ ልጁም ምናልባት ገና አልተወለደም። ሆኖም ያ ወታደር ባሕር ተሻግሮ በብሔረ ባዕድ እንዲያገለግል በታዘዘ ጊዜ፥ ቤተ ሰቡን አስከትሎ ቢሄድም ትቶ ቢሄድም፥ የመሐላውን ሸክም እኩሌታ የሚሸከሙት እነዚያ ያልማሉት ናቸው። እንግዲህ ሰው ባልሰጠው ቃል ሊታሠር ይገባዋልን? ቢታሠርስ የሚከፍለው ዋጋ መሥዋዕት ይባላልን፥ ወይስ ግዴታ ብቻ ነው?

ለዚህ ሐተታ የሚሆን አብነት በቅርባችን አለ። የራስ መኰንን የፈረስ ስም በነበረው በቃኘው ስም፥ በአንድ ዘመን ሁለት ዓይነት ወታደሮች ተጠርተውበታልና። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ የተመረጠው የቃኘው ሻለቃ በባቡር ወደ ጅቡቲ፥ ከዚያም በመርከብ ወደ ኮርያ ሲዘምት ሚስቶችና ልጆች በአገር ቤት ቀሩ። ይህ ለቀደሙት አባቶቻችን እንግዳ ነገር በሆነ ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የተመመው ሠራዊት እኮ ስንቅ የምታዘጋጀውንና ውሃ የምትቀዳውን ሴት ይዞ የተጓዘ ነው፥ እቴጌ ጣይቱም ራሳቸው ዘምተዋል። ወታደሩን ከቤቱ የለየው አዲሱ የጦር ሥርዓት ነው።

ሁለተኞቹ አሜሪካኖች ናቸው። በአሥመራ ከጣልያን የቀረውን የራዲዮ ጣቢያ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ይዘውት ነበር፤ ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ለምድር ወገብም የቀረበች በመሆኗ ለራዲዮ ሞገድ እጅግ ትመች ነበርና። በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የ25 ዓመት ውል ተዋዋሉ፥ ጣቢያውም ለኮርያ ዘማቾች ክብር ሲባል ቃኘው ተባለ። እነዚህ ወታደሮች ሚስትና ልጅ ይዘው መጡ። በግቢው ውስጥ ትምህርት ቤት፥ ጸሎት ቤት፥ ሲኒማና ሱቅ፥ በኋላም የራሳቸው ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ ከአገራቸው ያልመጣ ነገር ቢኖር አየሩ ብቻ ነው ለማለት ያስደፍራል። ይሁን እንጂ በአሥመራ ሞግዚት እቅፍ ያደገ ሕፃን፥ የአባቱ የአገልግሎት ጊዜ ሲፈጸም፥ ወደማያውቀው አገር «ወደ ቤታችን እንሄዳለን» ሲባል፥ ማን ፈቃዱን ጠየቀው? የኮርያው ዘማች ልጅ አባቱን አጣ፤ የአሥመራው ልጅ አባቱን አግኝቶ አገሩን አጣ። ከሁለቱ የቱ እንደሚከፋ ለመፍረድ አልደፍርም።

በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ በመጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈው የጺቅላግ ታሪክ ነው። ዳዊት ከሳኦል ፊት ሸሽቶ ወደ ጌት ንጉሥ ወደ አንኩስ በተሰደደ ጊዜ፥ 600ዎቹ ሰዎቹ እያንዳንዳቸው ከነቤተ ሰባቸው ተከተሉት፥ በተሰጣቸውም በጺቅላግ በባዕድ ምድር ተቀመጡ። አንድ ቀን ከዘመቻ ሲመለሱ ከተማዪቱ ተቃጥላ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው በአማሌቃውያን ተማርከው አገኙ፤ ለማልቀስ ኃይል እስኪያጡ ድረስ አለቀሱ፥ ዳዊትንም በድንጋይ ሊወግሩት ተነጋገሩ። መጽሐፉ ስለዚህ ምሬታቸው አልነቀፋቸውም። ቤተ ሰብን ወደ ጦር ጠርዝ ያቀረበ አለቃ ስለ እነርሱ መልስ መስጠት አለበትና፥ እኔም አልነቅፋቸውም።

ከዚያ በኋላ 400ው ጠላትን ሲያሳድዱ፥ የደከሙት 200 በቦሦር ወንዝ ዕቃ ሲጠብቁ ቀሩ። ድል አድርገው ሲመለሱ ክፉዎቹ «ካልዘመቱት ጋር ምርኮ አንካፈልም» ቢሉ፥ ዳዊት ዕቃ የጠበቀውና ወደ ሰልፍ የወረደው ድርሻቸው ትክክል ይሁን ብሎ ፈረደ፥ ይህንንም ለእስራኤል ሥርዓት አደረገው። ልብ በሉ፦ ድርሻው ለጀግንነት የተከፈለ ሽልማት አይደለም፤ መጠበቅም ሥራ መሆኑን የመሰከረ ፍትሕ ነው።

«ወታደር ያገባች ሴት አውቃ ገብታለች» የሚል አይጠፋም። ባልን መውደድ ግን የጦር ሚኒስቴርን ትእዛዝ ሁሉ አስቀድሞ መፈረም አይደለም። ኦሪት ዘዳግም አዲስ ሚስት ያገባ ሰው አንድ ዓመት ከዘመቻ ነጻ ሆኖ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ማዘዙ፥ የሚስቲቱ መብት በሠራዊቱ ፊት ዋጋ እንዳለው ያሳያል። ልጅ ደግሞ ምንም አልፈረመም። ስለዚህ የቤተ ሰቡ መከራ መሥዋዕት የሚሆነው እነርሱ ራሳቸው በፈቃዳቸው ሲቀበሉት ብቻ ነው፤ ያን ፈቃድ መንግሥት ሊያዝዛቸው አይችልም፥ የሚችለው ዕዳውን ማወቅ ነው።

የአሥመራው ቃኘው በ1969 ዓ.ም. በደርግ ትእዛዝ ተዘጋ፥ ቤተ ሰቦቹም ተበትነዋል። በኮርያ ከ120 በላይ ወገኖቻችን እንደ ወደቁ፥ አንድም ወታደር እንዳልተማረከ ግን በኩራት እንናገራለን፤ መናገራችንም ተገቢ ነው። በዘመድ ወይም በጎረቤት የኮርያ ዘማች ባለቤት የነበሩ እናት ያላችሁ እንደ ሆነ ግን፥ ስለ ባላቸው ጀግንነት ብቻ አትጠይቋቸው፤ እርሳቸው በእነዚያ ዓመታት ቤቱን በምን እንዳቆሙት ጠይቁና ጻፉት፤ ዛሬ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው።